ለበቀቀናችን ጭስ የሌለበት ሙቀት በምን መንገድ ይገኛል?

ወንድሜ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ አዲስ አበባ ያሳደጋትን ግራጫ በቀቀን ከነሽቦ ቤቷ ስለሰጠን፣ አሁን ጎንደር ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ቤታችን ትኖራለች። በመጀመሪያ ያስቀመጥናት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ በዚያም ከእናቴ ጋር ተላምዳ፣ ከለመደችው ሱፍ በተጨማሪ ጎመንና ካሮት መቅመስ ጀምራ ነበር። ሆኖም የአእዋፍ ሳንባ በጭስ በቀላሉ የሚጎዳ በመሆኑ፣ እናቴ ደግሞ ያለ ዕጣን የተፈላ ቡናን ከቡና ስለማትቆጥረው (በዚህ ጉዳይ እርሷን መከራከር ከንቱ ድካም ነው)፣ በጓሮ በኩል ወዳለው ትንሽ ክፍል አዛወርናት።

ክፍሉ ከጭስ የራቀ ቢሆንም፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በቀቀኗም ማለዳ ላባዋን ነፍታ ተኮማትራ ትገኛለች፣ የምትበላውም ቀንሷል። ያየቻት የእንስሳት ሐኪም የበሽታ ምልክት ስላላገኘች ክፍሉን እንድናሞቅ መክራናለች። የሽቦ ቤቷን በብርድ ልብስ ብንሸፍንም ለውጥ አላየንም። ከሰል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ አምፖል ማብራትም በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት የሚያስፈልጋትን የጨለማ ዕረፍት ይነሳታል።

በቀቀን ያሳደጋችሁ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቋረጥበት ሌሊት ጭምር፣ ያለ ጭስና ያለ ብርሃን የወፏን ክፍል በምን ታሞቃላችሁ?