የፊልም ካላንደር እየሠራሁ ነው፤ የትኛው ፊልም የትኛው ቀን ላይ ይግባ?

ሚሚ ከሳሪስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለ2019 ዓ.ም. የፊልም ካላንደር እያዘጋጀሁ ነው። ቀኑን ገልጠው ሲያዩት የዚያን ዕለት የሚታይ ፊልም ተጽፎበት ይገኛል። አትሜ የምሰጠው እኛ ቤት እየተሰበሰቡ ፊልም ለሚያዩ ጓደኞቼ ነው።

ገና ስጀምር ተጣላን። «ግራውንድሆግ ዴይ»ን (1993) ጥር 25 ላይ አስገባሁት። ሰውየው ፌብሩዋሪ 2 ላይ ተይዞ የሚቀርበት፣ በነጋ ቁጥር ያው ቀን የሚሆንበት ፊልም ነው። ጓደኛዬ ግን «ጥር 24 ነው» ብላ ድርቅ አለች። በየትኛው አቆጣጠር ልሂድ? ደግሞስ ፊልምና ቀን ተገናኙ የሚባለው ታሪኩ በዚያ ቀን ሲካሄድ ነው ወይስ ፊልሙ በዚያ ቀን ሲወጣ? ሁሉም ሰው የሚያውቀው ብቻ እንዳይሆንብኝ የተረሱ ፊልሞችም ጠቁሙኝ። የእኛም ካለ ደስ ይለኛል።

ዘመነ ሉቃስ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፌብሩዋሪ 2 አብዛኛውን ጊዜ ጥር 25 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጥር 24 ይውላል። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ይስተካከላል። 2016 ላይ እንዲያ ነበር፣ 2020 ላይም እንዲሁ ይሆናል። የአንቺ 2019 ሰላም ነው።

እኔ ብሆን የውጭውን ፊልም በፈረንጅ ቀኑ ይዤ ወደ እኛ እመልሰዋለሁ። የእኛን ታሪክ ግን በእኛው ቀን እተወዋለሁ። አድዋን ውሰጂ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ያኔ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ማርች 1ን ይዘሽ ከመለስሽ በዓሉን የካቲት 22 ላይ ታገኚዋለሽ። የኃይሌ ገሪማን ዘጋቢ ፊልም «አድዋ»ን (1999) ቀጥ አድርገሽ የካቲት 23 ላይ አስገቢው።

የፒያሳ ልጅ

ታሪኩ የሚካሄድበት ቀን ይቅደም። የወጣበት ቀን እንደየአገሩ ይለያያል፣ ለተመልካቹም ምንም አይለውም።

ሰኔ 14ን ለማንም እንዳትሰጪ። «ክሌኦ ከ5 እስከ 7» ይግባበት፤ የአኜስ ቫርዳ ነው፣ 1962። ቀኑ ጁን 21 ነው። አንዲት ዘፋኝ የምርመራ ውጤቷን እየጠበቀች ፓሪስን ትዞራለች። ካንሰር ይሆን ብላ ፈርታለች። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ታሪኩም ያንኑ ያህል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፋል። 5 ማለት በእኛ 11 ሰዓት ነውና ልክ 11 ላይ ክፈቱት። የግድግዳ ሰዓታችሁና ፊልሙ እኩል ይሄዳሉ። ፓሪስ በጋ ገባ ብሎ ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ እናንተ ቤት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እኔ ይሄንን ነው የምወደው።

«ሃይ ኑን» (1952) እሑድ እንደሆነ ይታወቃል እንጂ ቀን የለውም። አንቺም አትፍጠሪለት። ባዶ የቀረ እሑድ ፈልጊና ረፋዱ ላይ እዩት።

የድሮ ተመልካች

ልጄ፣ ጳጉሜንን ባዶ እንዳታደርጊያት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 መሆኑ ነው። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር ሲጨልም ወታደሮች መንገዱን በችቦ ያበሩ ነበር። እዚህ እኛ ለዋዜማው ችቦ ስንለኩስ ማለት ነው! ለዚያ ምሽት ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው የጣሊያኑ ሮሞሎ ማርቼሊኒ የሠራው የሮም ኦሊምፒክ ዘጋቢ ፊልም ነው (1961)። ሁለተኛው ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር የሠራው «አትሌቱ» ነው (2009)። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከመኪና አደጋው በኋላ ያለውን አበበንም ያሳያል።

የቶኪዮው ድል ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነው። የኮን ኢቺካዋን «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ፈልጊ። ካሜራው የአበበን ፊት በጣም ተጠግቶ፣ ሳይቸኩል ይከተለዋል። እዚያ ፊት ላይ ምንም የድካም ምልክት አታገኚም።

የካቲት 12 የሐዘን ቀን ነው። ለዚያ ቢቢሲ በፈረንጅ 1989 ያሳየው «ፋሺስት ሌጋሲ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ። ጣሊያን በእኛ ላይ ያደረገችው ተዘርዝሮበታል። ብዙ ሰው አያውቀውም።

ናቲ 44

ጋሼ፣ ጥቅምት 11 እኮ ኦክቶበር 21 ነው! «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር 2» ላይ ልጆቹ ወደ ፈረንጅ 2015 ሲሄዱ የሚያርፉት በዚያ ቀን ነው። ይሄስ የት ይግባ?

የድሮ ተመልካች

ናቲዬ፣ የእነሱ መኪና ይበራል፤ ሌላ ቀን ፈልጎ ይረፍ።

ሚሚ ከሳሪስ

ሳቅ ገደለኝ። አበበ ገብቷል፣ ክሌኦም ገብታለች። በዓላቱስ? የገና ፊልሞቹን ዲሴምበር 24 ብዬ ስመልሳቸው ታኅሣሥ 15 ይመጣብኛል፤ እዚህ በዚያን ሰሞን ሰው ጾም ላይ ነው።

ትዕግስት፣ ስቶክሆልም

ሚሚዬ፣ የበዓል ፊልም በበዓሉ እንጂ በቁጥሩ አይሄድም። «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ»ን (1946) ወደ ገና ዋዜማ ውሰጂው። በ2019 ታኅሣሥ 28 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ራሱ ታኅሣሥ 28 ስለሚሆን የሚቀጥለውን ካላንደር ስትሠሪ ዋዜማውን ወደ 27 አምጪው።

ፋሲካ ይዘዋወራል፤ የፈረንጆቹና የእኛ ደግሞ በ2019 በጣም ይራራቃሉ፣ የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። «ዘ ሎንግ ጉድ ፍራይደይ» (1980) የለንደን ወንበዴዎች በስቅለት ዕለት የሚተራመሱበት ጥሩ ፊልም ነው። ግን ደም አለበት። ከስግደት ለመጣ ሰው እንዴት ይሰጣል? በፈረንጆቹ ስቅለት አስገቢው፣ መጋቢት 17።

«ዶግ ዴይ አፍተርኑን» (1975) የቆመው በእውነተኛ የባንክ ዘረፋ ላይ ነው። ኦገስት 22 ቀን 1972 የሆነ ስለሆነ ነሐሴ 16 ይገባል። ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው፤ ዶሮው ከተበላ በኋላ እዩት።

ዘመነ ሉቃስ

አንድ ልጨምር። 2019 ላይ ጳጉሜን 6 አለች። ያን ዕለት ሴፕቴምበር 11 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀን እንቁጣጣሽ ላይ ስለሚያርፍ ማንም ስለ መንትያዎቹ ሕንፃዎች ፊልም ማየት አይፈልግም። በፈረንጅ 2002 አሥራ አንድ ዳይሬክተሮች ስለዚያ ቀን አንድ አንድ አጭር ፊልም ሠርተው ነበር፤ የቡርኪና ፋሶው ኢድሪሳ ዌድራኦጎ አንዱ ነው። የእያንዳንዱ ርዝመት እንደ ቀኑ ቁጥር (11/09/01) 11 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ከአንድ ፍሬም ነው። ኬን ሎች ደግሞ ነገሩን ወደ ቺሊው የ1973 ሴፕቴምበር 11 መፈንቅለ መንግሥት ወስዶታል። ጳጉሜን 6 ላይ እሱን ጻፊ። ካለፈሽ እስከ 2023 አታገኚያትም።