ቤዝመንቱን ልጨርስ ወይስ ላቁም? ፕሮጀክተሩን ገዝቻለሁ፣ ግድግዳው ግን ነጭ ነገር አወጣ

ባለምድርቤት

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሮጌ ቤት ከገዛን ሦስት ዓመት ሆነን። ቤዝመንቱ እስካሁን የዕቃ ማጎሪያ ነበር። ፍሪዘሩ፣ የጤፍ ጆንያው፣ የእንጀራ ምጣዱ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዘንድሮ ግን ቆረጥን። ሰፊውን ክፍል የቤት ሲኒማ እናደርገዋለን። ወርዱ 13 ጫማ፣ ርዝመቱ 22 ጫማ ነው። ከወለሉ እስከ ላይኛው አግዳሚ እንጨት 7 ጫማ ከ6 ኢንች ይሆናል። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ክፍል ደግሞ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የምታርፍባት መኝታ ቤት ትሆናለች።

ፕሮጀክተርና 120 ኢንች ስክሪን ቅናሽ ላይ አግኝቼ ገዝቻለሁ። ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ ግድግዳ) የሚሠራልኝ ሰውም ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዟል። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ ሳነሳሳ ግን የኋላው ግድግዳ ከታች በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቶ አየሁ። ስነካው ይረግፋል። ውሃ ገብቶ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ «ሥራው ይቁም» ትላለች። እኔ «በውሃ መከላከያ ቀለም ቀብተን እንቀጥል» እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ሲኒማው ነው። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ምን ምን ገመድ ልዘርጋ? ድምፁ ላይ ቤት ያሉትን እንዳይረብሽስ ምን ላድርግ?

ጋሽ አናጢ

ባለቤትህ ናት ልክ። አመስግናት።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከውጭ አፈሩ በኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ይመጣና ውሃው ሲተን ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ውሃ አይቼ አላውቅም» አትበል። ያለፈበትን ምልክት ነው ያየኸው። ላዩ ላይ ቀለም ብትቀባ ውሃው መግፋቱን አይተውም። አንድ ሁለት ክረምት ይቆይና ቀለሙን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያነሣዋል።

መጀመሪያ ይህን አድርግ። ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጥ። አራቱንም ጠርዝ በቴፕ ወለሉ ላይ ለጥፍ። አንዱን ከዚያ ግድግዳ አጠገብ፣ ሌላውን መሐል ላይ፣ ሦስተኛውን ደረጃው ሥር አድርግ። ሁለት ሦስት ቀን ተወው። ስትገልጠው ሥሩ ካላበው እርጥበቱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ላዩ ላይ ብቻ ካላበው ግን የክፍሉ አየር ነው፤ ለዚያ ዲሂውሚዲፋየር (የአየር እርጥበት የሚቀንስ ማሽን) ይበቃል፣ 50 በመቶ ላይ አድርገህ ታሠራዋለህ።

ከዚያ ዝናብ ሲዘንብ ካፖርትህን ልበስና ውጣ። አዎ፣ በዝናብ። አሸንዳው ሞልቶ ይፈስሳል ወይ? የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ውሃውን የት ነው የሚደፋው? እኔ ካየኋቸው እርጥብ ቤዝመንቶች አብዛኞቹ ችግራቸው ውጭ ነው። ቱቦው የቤቱ ጥግ ላይ ይደፋዋል፣ አፈሩም ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። ቱቦውን ቢያንስ 6 ጫማ አርቀህ አስወጣው። አፈሩ ደግሞ ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ በ10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ይህ በአካፋና በጥቂት ዶላር የሚያልቅ ሥራ ነው። ይህ ካልበቃ ነው ወለሉን ቆርጦ የውሃ መውረጃና ሳምፕ ፓምፕ (ከወለል ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ) ማስገባት የሚመጣው፤ እሱ ገንዘብ ይበላል።

የድራይዎሉን ሰው ቀጠሮ አራዝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ባለምድርቤት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ላስቲኩን ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሠራተኛው «ኮንክሪቱን በላስቲክ እንሸፍንና ሮዙን ጥጥ መሳይ ኢንሱሌሽን እንጠቅጥቅበት» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው?

ጋሽ አናጢ

አይደለም። ያ ጥጥ መሳይ ነገር ቀዝቃዛ ኮንክሪት ሲነካ እርጥበት ይይዛል። ላስቲክ ሲጨመርበት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ሻጋታ ቤት ሠራህለት ማለት ነው። ኮንክሪቱ ላይ በቀጥታ ጠንካራውን የፎም ቦርድ ለጥፍ፤ መገጣጠሚያዎቹን በቴፕ ዝጋ። የእንጨት ፍሬሙ ከፎሙ ፊት ይቆማል። ወለሉን የሚነካው እንጨት በመድኃኒት የታከመው ይሁን። ድራይዎሉንም ወለሉ ላይ አታስቀምጠው፣ ግማሽ ኢንች ከፍ አድርገው። ክፍተቱን የግርጌ ጣውላው ይሸፍንልሃል። ፎሙን ደግሞ እንደተገለጠ አትተወው፤ እሳት ይወዳል፣ በድራይዎል መሸፈን አለበት።

ወለሉ ላይ ምንጣፍ አልመክርህም። ውሃ የማይጎዳው የቪኒል ንጣፍ አድርግና ሶፋው ሥር የሚነሣ ምንጣፍ ጣል።

የፌርፋክሷ

ወንድሜ፣ ሁላችንም ስለ ውሃ ስናወራ ሬደን እንዳይረሳ። ከአፈር በወለል ስንጥቅ የሚገባ ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋናው ምክንያት እሱ ነው ይላል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ። መለኪያው ሃርድዌር መደብር ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ውጤቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከያ ይሠራል፤ ከወለሉ ሥር አየሩን ስቦ ወደ ጣራ የሚያወጣ ቱቦና ፋን ነው። አሁን ግድግዳው ክፍት እያለ ማስገባቱ ይቀላል። እኛ ሁሉን አሳምረን ከጨረስን በኋላ ነው የለካነው። አዲሱን ግድግዳ ስንሰብር የባሌን ፊት ብታዩት!

የእናትህ ክፍል ደግሞ። መስኮት አለው? ሕጉ መኝታ ቤት የሚለው ሰው በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መስኮት ሲኖረው ነው። ክፍተቱ ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች፣ ወርዱ ከ20 ኢንች የማያንስ መሆን አለበት። ከወለሉ እስከ መስኮቱ ደፍ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። የድሮዎቹ የቤዝመንት መስኮቶች ድመት እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፉት። መስኮት ማስፋት ኮንክሪት መቁረጥ ነውና ወጪውን ቀድመህ አስብ። ካልሆነ እማማን ላይ ቤት አሳድሯቸውና ያቺን ክፍል ለጤፉ ስጧት።

ሽቦና ብሬከር

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ጥያቄውን ሳነብ ዓይኔ የቀረው ምጣዱ ላይ ነው።

የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 1500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ120 ቮልት ስታካፍለው 12.5 አምፔር ይመጣል። የድሮ ቤት መስመር ደግሞ 15 አምፔር ነው። በዚያው መስመር ላይ ፍሪዘሩ ሲነሣ ብሬከሩ ይወድቃል። ፕሮጀክተርህንም እዚያው ከሰካኸው ቅዳሜ ማታ ፊልሙ መሐል ላይ ጨለማ ነው። የሐበሻ ቤት ስሄድ በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ ይሄ ነው፤ «ብሬከሩ ተበላሽቷል፣ ቀይርልን» ይሉኛል። ብሬከሩ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው።

ስለዚህ ለምጣዱ ብቻውን 20 አምፔር መስመር። ለሲኒማው ሌላ 20 አምፔር። ፍሪዘሩም ለብቻው። ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ኮርኒሱ ላይ አንድ ሶኬት፣ ከስክሪኑ ሥር ሁለት፣ ከሶፋው ኋላም አንድ አስቀምጥ። ቤዝመንት ውስጥ ሶኬቶቹ ከንዝረት የሚጠብቀው መቁረጫ ሊኖራቸው ይገባል። የምጣዱን እንፋሎት ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን አድርግ። ጋሼ እርጥበት አድርቅ እያሉህ አንተ በየሳምንቱ 40 እንጀራ እየጋገርክ ክፍሉን ሳውና ታደርገዋለህ።

ፐርሚት አውጣ። ኢንስፔክተሩ ፍሬሙንና ሽቦውን ድራይዎል ሳይለጠፍ ነው ማየት ያለበት።

ሲኒማ ወዳድ

አሁን ወደ ጣፋጩ እንግባ።

120 ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ ተለክቶ ነው፤ ስክሪኑ ወርዱ 105 ኢንች፣ ቁመቱ 59 ኢንች ገደማ ነው። 13 ጫማ ግድግዳ ላይ በወርድ ይገባል። የሚያስቸግረው ቁመቱ ነው። ኮርኒሱ ሲሠራ 7 ጫማ ከ3 ኢንች ቢቀርህ የስክሪኑ ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ሁለት ጫማ ላይ ይወርዳል። ፊት ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ግን የፊተኛውን ሰው ጭንቅላት ነው የሚያየው። የኋላውን ረድፍ በመድረክ ከፍ ላድርገው እንዳትል፣ ረጅም ሰው ኮርኒሱን ይመታዋል። የ100 ኢንቹ ቁመት 49 ኢንች ብቻ ነው፤ ላንተ ክፍል እሱ ይሻላል እላለሁ። መቀመጫውን ከ10 እስከ 11 ጫማ ላይ አድርገው። ከሶፋው ኋላ ረጃጅም የባር ወንበሮች ደርድር፣ የመድረኩን ሥራ ይሠሩልሃል። ከማመንህ በፊት ግድግዳው ላይ በቴፕ ሁለቱንም መጠን አስምርና ወንበር አምጥተህ ተቀመጥ።

ገመድ። ከሪሲቨሩ (ድምፅና ሥዕሉን ከሚያከፋፍለው ማሽን) እስከ ፕሮጀክተሩ 25 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ (የሥዕልና የድምፅ ገመድ) ለፎርኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ላለው ሥዕል፣ አያስተማምንም። የፋይበሩን ግዛ። ልብ በል፣ የፋይበሩ ገመድ አቅጣጫ አለው። አንዱ ጫፍ የሪሲቨሩ፣ ሌላው የፕሮጀክተሩ ነው። እኔ ገልብጬ ዘርግቼ አንድ ሌሊት ሙሉ ፕሮጀክተሩን ስራገም አድሬያለሁ። ዋናው ምክሬ ግን ገመዱን ባዶውን ግድግዳ ውስጥ እንዳትቀብረው ነው። ሁለት ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ አስገባና በውስጡ አሳልፈው፤ ቱቦው ውስጥም የመሳቢያ ሲባጎ ተውለት። ሲበላሽ ስበህ ታወጣዋለህ።

ለስፒከር ግድግዳ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደ ባለ 14 ቁጥር ሽቦ ይበቃል። በ5.1 ጀምር፦ ፊት ሦስት፣ ጎን ሁለት፣ አንድ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)። ኮርኒሱ ላይ የአራት ስፒከር ሽቦ ግን አሁኑኑ ዘርጋ፣ ባትጠቀምበትም ርካሽ ነው። ሰብዉፈሩን የት ላድርገው ካልክ ሶፋው ላይ አስቀምጠው፣ ባሱ የበዛ ሙዚቃ ክፈትና በግድግዳው ዙሪያ እንደ ሕፃን በአራት እግርህ ዳኽ። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማህ ቦታ ላይ ታደርገዋለህ። ልጆችህ ይስቁብሃል፣ ግን ይሠራል።

ድምፅ እንዳይወጣ በአግዳሚዎቹ መሐል የድንጋይ ሱፍ ኢንሱሌሽን ሙላ። ድራይዎሉን በቀጥታ ከእንጨቱ ጋር አትምታው፤ በጎማ መያዣና በብረት ሐዲድ ይንጠልጠል። ሁለት ድርብ ባለ 5/8 ኢንች ድራይዎል፣ በመካከሉ ድምፅ የሚውጠው ማጣበቂያ። ይህ ሁሉ ከኮርኒስህ ሦስት ኢንች ያህል ይበላል። በሩ ውስጡ ባዶ የሆነው ርካሽ በር ከሆነ ግን የኮርኒሱ ድካም በከንቱ ነው። ስክሪኑ ያለበትን ግድግዳና ኮርኒሱን በደብዛዛ ጥቁር ግራጫ ቀባ፤ ነጭ ኮርኒስ ብርሃኑን መልሶ ስክሪኑ ላይ ይረጨዋል።

የፌርፋክሷ

ጥቁር ኮርኒስ! እሺ፣ ልጠይቅ። ክርስትና ወይም ልደት ስትደግሱ 30 ሰው የሚቀመጠው የት ነው? ቤዝመንት አይደል? መብራት አጥፍታችሁ ነው ዶሮ የምትበሉት? ፕሮጀክተር መብራት ሲበራ ሥዕሉ ይገረጣል። ኳስ ቢኖር፣ ልጆች ካርቱን ቢከፍቱ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሻላል።

ሲኒማ ወዳድ

ለድግሱ ልክ ነሽ እህቴ። የ98 ኢንች ቴሌቪዥኖች ዋጋም ወርዷል። ግን ካርቶኑ ከሰውዬው ቤዝመንት ደረጃ መታጠፊያ ላይ ያልፋል ወይ? ከ100 ፓውንድ በላይ ይመዝናሉ። ፕሮጀክተር በብብትህ ይወርዳል።

አንዴ የተቃጠልኩ

ስለ ሠራተኛ አንድ ቃል። እኔ ለአገሬ ልጅ ብዬ ግማሹን ገንዘብ ቀድሜ ከፈልኩ። ፍሬሙን አቁሞ ጠፋ፤ ስልክም ዘጋ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው የክልሉ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቅድሚያ ክፍያውም በሕግ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ፈቃድ ያለው ካጭበረበረህ ካሣ የሚጠየቅበት ፈንድ አለ። ፈቃድ ከሌለው ፈንዱ አይመለከተውም። የእኔው አልነበረውም። ቁጥሩን ጠይቀው፣ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይታያል።

ባለምድርቤት

ሁላችሁም ተባረኩ። ውጤቱን ላሳውቅ።

ላስቲኩን ዛሬ ገለጥኩት። መሐሉና ደረጃው ሥር ያለው ደረቅ ነው። ግድግዳው አጠገብ ያለው ሥሩ ላብ ብቻ ሳይሆን ጠብታ አለው። ሐሙስ ሲዘንብም ጋሼ እንዳሉኝ ወጣሁ። የአሸንዳው መውረጃ ከክርኑ ላይ ወልቆ ውሃውን በትክክል እዚያ ግድግዳ ጥግ ላይ ይደፋዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌአለሁ። ቱቦውን ገጥሜ በ8 ጫማ አርዝሜዋለሁ፤ ቅዳሜ አፈር አስመጣለሁ። የሬደን መለኪያውም ተቀምጧል። መስኮቱን ለካሁት፣ ወርዱ 30 ቁመቱ 14 ኢንች ነው፤ እናቴ ላይ ቤት ታርፋለች። የድራይዎሉን ሰው ፈቃድ ቁጥር ስጠይቀው «እልክልሃለሁ» አለ፤ እስካሁን አልላከም።

120ውን በቴፕ አስምሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከኋላ ስቀመጥ ልጄ ፊቴ ቆማ ግማሹን ሸፈነችው። የመመለሻ ቀኑ በሁለት ቀን አልፎኛል። በ100 ኢንች የሚለውጠኝ ካለ ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ጤፉ ጎን ቆሟል።

ጋሽ አናጢ

እንደገና ሁለት ሦስት ዝናብ ይዝነብበትና ላስቲኩን ደግመህ ለጥፍ። ከደረቀ ፍሬም ጀምር። ካልደረቀ ደውዬ የማውቀውን የውሃ ሠራተኛ አገናኝሃለሁ።

ጤፉን ግን ዛሬውኑ ከወለሉ አንሣው።