ስታዲየሙ የት ይሁን? ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ ወገኖች፣ ክለቡ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ አስቦ የእኛን የደጋፊዎቹን ሐሳብ በጽሑፍ ጠይቋል። ረቂቃችን «ስታዲየሙ ከመሀል ከተማ አይውጣ» ብሎ ይጀምራል። እንዳለ እንለፈው ወይስ እናስተካክለው?

የትኬት ተጠሪ፦ እንለፈው። የእንግሊዙን ክለብ ኮቨንትሪ ሲቲን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 በስታዲየም ኪራይ ጭቅጭቅ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኖርዝሀምፕተን የሚባል ሌላ ከተማ ሄደ። በአማካይ ከ10 ሺህ በላይ የነበረው ተመልካች ወደ 2 ሺህ ምናምን ወረደ። በዓመቱ ሲመለስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከ27 ሺህ በላይ ሰው አየው።

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ፣ ግን ያኔ ብዙው ደጋፊ በባለቤቶቹ ተናዶ አድማ ላይ ነበር። ሁሉን በርቀት አናሳብብ። የጣሊያኑ ዩቬንቱስ የድሮ ስታዲየም ዴሌ አልፒም ከቱሪን ከተማ ዳር ነበር። 69 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር፣ በሩጫ መሙ ምክንያት ደግሞ ተጫዋቹ ከወንበሩ ሲታይ ጉንዳን ያክል ነበር። በ2001/02 ለጣሊያን ዋንጫ ከሳምፕዶሪያ ሲጫወቱ የተገኘው 237 ሰው ነው! በ2011 እዚያው ቦታ ላይ 41 ሺህ የሚይዝ፣ ለሜዳው የቀረበ ስታዲየም ከፈቱ፤ ይሞላ ጀመር። መንገዱ አንድ ሜትር አላጠረም እኮ።

ከዳር ሰፈር የምመጣ አባል፦ እኔ ስለ ጣሊያን አላውቅም፤ የእኛን ጥግ ግን አውቃለሁ። የማታ ጨዋታ ሲሆን 80ኛው ደቂቃ ላይ ዞር ብላችሁ እዩ። ሰው ስልኩን ያያል፣ ዚፑን ይዘጋል፣ ልጁን ክንዱን ይዞ ይነሳል። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው! የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው። መሄድማ ማንም ይሄዳል፤ ጣጣው መመለሱ ነው። ደርቢ ከሆነ በእግሩም ቢሆን ይመጣል። በሳምንቱ መሀል ላለ ተራ ጨዋታ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያያል።

አንጋፋ አባል፦ ዳር ከሆነ እኮ የመኪና ማቆሚያ በሽ ነው።

ከዳር ሰፈር የምመጣ አባል፦ ጋሼ፣ ያ ሁሉ መኪና በአንድ መንገድ ሲወጣ አስቡት እስቲ! መኪና የሌለውስ?

የትኬት ተጠሪ፦ እሺ፣ ተረታሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመር። ትኬት የገዛ ሁሉ አይመጣም። ክለቡ የሸጠውን ሳይሆን በበር የገባውን ቁጥር፣ በሰፈርና በጨዋታ ሰዓት ከፍሎ ይስጠን። ርቀቱ ማንን እንደሚያስቀር ያኔ ይታያል።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «ቦታው የሚመረጠው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ከቤት እስከ ወንበር፣ ከወንበር እስከ ቤት በሚፈጀው ጊዜ ይሁን። ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ተመልካቹን የሚያነሳ የሕዝብ ትራንስፖርት ሳይረጋገጥ ግንባታ አይጀመር። የማታ ጨዋታ መጀመሪያ ሰዓትም ከመጨረሻው አውቶቡስ ጋር ይናበብ።»

አንጋፋ አባል፦ ተጨማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ያለበት ጨዋታስ? እሱንም አስቡበት።

ሰብሳቢ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ይግባ። «መሀል ከተማ» የሚለው ከመጀመሪያው መስመር ይውጣና እንደ ምርጫችን ከታች ይቀመጥ። የበሩን ቁጥር የሚጠይቀውን ደብዳቤ የትኬት ተጠሪ ይጻፍ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ እዚሁ ይበል።