ብስክሌተኛ የገጨ ሹፌር በሽምግልና ይለቀቃል እንዴ?

የጣናው ልጅ፦
ሰላም ወገን። የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት ዳሩን ይዞ በብስክሌት ሲሄድ ሲኖትራክ ከኋላ ገጭቶት ሞተ። የፊት ጎማው ተጣጥፎ ስምንት ቁጥር ሆኗል፣ ኋላ ያሰረው የጤፍ ከረጢት ግን እንዳለ ነው። ሹፌሩ ታስሯል። አሁን ባለመኪናው ሽማግሌ ልኮ "ካሳ ልክፈልና ይፈታ" ይላል። ከታረቅን ክሱ ይቀራል?

ችሎት ተመላላሽ፦
ነፍስ ይማር። አይቀርም! ከሳሹ ዓቃቤ ሕግ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እርቁ ቢበዛ ቅጣት ያቀልለታል። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እዩት፤ ሹፌር በሙያው ስለሚጠየቅ እስከ 5 ዓመት ነው፣ ጠጥቶ ወይም ግልጽ ደንብ ጥሶ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ተከታተሉ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

እማማ ጉዳይ፦
ሹፌሩን ብቻ አትያዙ፣ እሱ ምን አለው? የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለንብረቱንም ተጠያቂ ያደርጋል። መኪናው ሌላ ሰው ሲጎዳ የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድኑም አለ። "ሌላ ጥያቄ የለንም" የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ፣ እኛ ፈርመን ቀረን።

ጎማ ነፊ፦
እኔም ሹፌር ነኝ። ብስክሌት መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው፣ ማታ እንዴት ይታይ?

የጣናው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው የገጨው።