የሶፍትዌር ቴክኖሎጂን በ50 ቃል እንዴት ልግለጽ?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ላሉ የኮምፒውተር ሰልጣኞች 40 ቴክኖሎጂዎች የሚገቡበት የኪስ ማጣቀሻ እያዘጋጀሁ ነው። ለአንዱ ያለው ቦታ 50 ቃል ነው። የዶከሩ ይህን ይመስላል፦ «ዶከር ታላላቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ዘመናዊና ፈጣን የሶፍትዌር መሣሪያ ነው፤ በ2013 ተጀመረ።» ውሸት የለበትም፣ ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። ምን ላድርግ?

አራሚው፦
«ዶከር»ን አውጥተህ «ጊት»ን (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ተካበት። ከዓመቱ በቀር ሁሉም ልክ ሆኖ ያልፋል፤ በሽታው እሱ ነው። መጀመሪያ ዓይነቱን ቁርጥ አድርግ፦ ቋንቋ ነው? ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ)? ዳታቤዝ? ቀጥሎ የሚሠራውን በአንድ ግስ፣ ከዚያ ከሚምታታበት ነገር የሚለይበትን ጻፍ። እንዲህ፦

«ዶከር፦ ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎችና ፋይሎች ጋር በኮንቴይነር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ። ቨርቹዋል ማሽን የራሱን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይዞ ይነሳል፤ ኮንቴይነር ግን የአስተናጋጁን ኮምፒውተር ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ስለሚጋራ ቶሎ ይነሳል፣ ቦታም ብዙ አይፈጅም።»

«ፈጣን» የሚለው አልጠፋም፤ ምክንያቱን ይዞ መጣ እንጂ።

ሰሚኮለን፦
ዓመቱን ተጠንቀቅ። «2013» ብቻ ካልክ ሰልጣኙ በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። ዶከር ይፋ የሆነው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 2013 ማለት ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጥና በ40ዎቹም ላይ በሱው ጽና።

«አሁን ያለው ቨርዥን» የሚባል ነገር አታስገባ፤ ማጣቀሻው ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል። ፈቃድም (የሶፍትዌሩ የአጠቃቀም ውል) ይለወጣል፦ ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ለዓመታት ከቆየበት ቢኤስዲ ከተባለ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ፣ በ2025 ደግሞ ኤጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ ጨመረ። የግድ ከሆነ ያረጋገጥክበትን ወርና ዓመት ከሥሩ አስቀምጥ። ላይብረሪንም ቃል በቃል «ቤተ መጻሕፍት» እንዳትለው፣ አደራ።

የአዌቱ ልጅ፦
እሺ፣ ኤስኪውላይትን በዚሁ መንገድ ሞከርኩት፦ «መረጃን በሰንጠረዥ የሚያስቀምጥ ትንሽ የዳታቤዝ ሰርቨር። ከፖስትግሬስ የሚለየው በመጠኑ ነው።»

ጠጠር፦
ዓይነቱን ሳትከው፤ ያ ሲሳት የቀረው ሁሉ ተያይዞ ይሄዳል። ኤስኪውላይት ሰርቨር የለውም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ላይብረሪ ነው፣ ዳታቤዙም በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ልዩነቱ የመጠን አይደለም። ፖስትግሬስ ለብቻው የሚሠራ ሰርቨር ስለሆነ ብዙ ተጠቃሚ ባንዴ ይጽፍበታል። ኤስኪውላይት ላይ ግን በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ነው፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚለው ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ኖድ ጄኤስንም ቋንቋ እንዳትለው፦ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ነው። ጊትና ጊትሃብ (በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ለየብቻ ይግቡ።

የአዌቱ ልጅ፦
«ኤስኪውላይት፦ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚታሸግ፣ ሙሉ ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ላይብረሪ። ሰርቨር አያስፈልገውም። በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አንድ ብቻ ነው።» 19 ቃል ሆነ፤ በተረፈው ቦታ የመቆለፉን ስሕተት እጨምርበታለሁ።