የተበተነ የሰፈር እድር ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

የካዛንችስ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰባችን ከካዛንችስ ለልማት ተነሥቶ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባ ዓመት አልሞላውም። በዚህ መካከል እናቴ ዐረፈች። የቀድሞው እድራችን ገንዘቡን ሳያጓድል ከፍሏል፣ ድንኳኑንና ወንበሩንም በጭነት መኪና ልኳል፤ ነገር ግን አባላቱ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ከቀብር በኋላ ሊያስተዛዝኑን የቆዩት ጥቂቶች ነበሩ። እስከ ሰልስት ድረስ ከእኛ ጋር ያመሹት ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማላውቀው የሕንፃችን ነዋሪዎች ናቸው። በተለይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ከቀብር ስንመለስ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዘው፣ ንፍሮውንም በሰፌድ አቅርበው ደጃፋችን ላይ ጠበቁን። ዕለቱ የውኃ ፈረቃ የማይደርሰን ቀን ነበር። አሁን የሕንፃውን እድር ልግባ ወይስ የቀድሞውን ልቀጥል? የእኒህንስ እናት ውለታ በምን ልመልስ?

የቀድሞ ጸሐፊ፦
ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በእድር ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስላገለገልኩ ከደንቡ ልነሣ። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አባል መመዝገቢያ ከፍሎ የተወሰኑ ወራት ሳይጠብቅ ሙሉ ክፍያ አያገኝም፤ ስለዚህ ይህ ጊዜ እስኪያልቅ ከቀድሞው አይውጡ። በተረፈ እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው የትውልድ ቀዬአቸውን ትተው በመጡ ሰዎች መካከል መሆኑን አይዘንጉ፤ እንግዳ ለእንግዳ መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም።

እማማ ዘነቡ ሰፈር፦
እኔ ከጸሐፊው በጥቂቱ እለያለሁ። ድንኳን በኪራይም ይገኛል፤ ሌሊቱን አብሮ የሚያነጋ ሰው ግን በኪራይ አይገኝም። ወርኃዊ መዋጮ ሰብስቦ ሲሞት ብቻ የሚከፍል እድር ኢንሹራንስ ሆኗል ማለት ነው። የእኒያን እናት ውለታ በገንዘብ ለመመለስ ግን አይሞክሩ፤ ያስቀይሟቸዋል። ብድር በምድር ነው፤ ሲታመሙ መጠየቅ፣ ለቅሶ ሲገጥማቸው ቀድሞ መድረስ ይበቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ርቀት እድርን ያፈርሳል የሚለው አያሳምነኝም። እኛ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተበታትነን እየኖርን፣ መርዶ በተነገረ ማታ ከሥራ የወጣ ሁሉ የሚቀመሰውን ይዞ ረጅም መንገድ ነድቶ ይመጣል። አባቴ አዲስ አበባ ባረፉ ጊዜ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም ነበር፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አብረውኝ የተቀመጡት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳልፈው አላውቅም። የእናንተም እድር የሚጎድለው ቅርበት ሳይሆን ለቅሶውን ቶሎ የሚያሰማ ሰው ይመስለኛል። የጡሩምባ ነፊውን ሥራ አሁን በቴሌግራም ቡድን መሥራት ይቻላል።

የካዛንችስ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀድሞውን ሳልለቅ የሕንፃውን ተመዝግቤአለሁ፤ የቴሌግራሙንም ሐሳብ ለሊቀ መንበራችን ነግሬአለሁ። ትናንት ደጃፋችን ላይ የቀሩትን ሁለት ባዶ ጀሪካኖች ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እኒያ እናት ግን አንዱን ብቻ ተቀበሉኝ፤ ሌላው የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች እንደሆነና እነርሱም ለዚያ ሳምንት ያስቀመጡትን ውኃ እንደሰጡ ነገሩኝ። ዛሬ ማታ እርሱን ላደርስ እወርዳለሁ።