አዲስ የገዛሁት ፈረስ ስወጣበት እየዘለለ ይጥለኛል፤ ምን ይሻለኛል?

የዳማው ባለቤት፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት እንጅባራ ገበያ አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁ። ግንባሩ ቦቃ ነው፣ ጀርባው ላይም ነጭ ጣል ጣል ያለበት፣ ሲያዩት የሚያምር። ሻጩ «አምስት ዓመቱ ነው፣ የተገራ ነው» ብሎ ልጁን አስቀምጦ አሳየኝ፤ እውነትም በግ ነበር። ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ፈረስ ሆነ። ኮርቻ ሳነሳ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፤ የሆዱን ማሰሪያ ሳጠብቅ ዞሮ ሊነክሰኝ ይቃጣዋል። ስወጣበት አሥር እርምጃ ያህል ይሄድና አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ይዘላል። ሁለት ጊዜ ጥሎኛል፤ በሁለተኛው የእጄ አንጓ አብጦ እስካሁን አልተሻለኝም።

ኮርቻው የአባቴ ነው። እሱ ፈረሰኛ ነበር፣ እኔ ግን ከተማ ነው ያደግሁት። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ፈረሱን ጠዋትና ማታ ገብስ አበላዋለሁ፤ ቀኑን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይውላል። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ልወጣበት አስቤ ነበር፣ ይኸው ኅዳር ተጋመሰ። ክፉ ፈረስ ነው ብዬ ልሽጠው ወይስ ይታረማል?

ባላገሩ፦
ታስሮ ለሚውል ጎረምሳ ፈረስ በቀን ሁለቴ ገብስ! በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ማለት ይኼ ነው። ገብሱን ዛሬውኑ አቁም፤ ሣር ይብላ፣ መስክ ይዋል። የሻጩን ወሬ ደግሞ እኔ አላምነውም። ርቦትና ሲነዳ አድሮ ገበያ የደረሰ ፈረስ ሁሉ በግ ነው።

አባ ጉራቻ፦
ልጄ፣ እኛ ፈረስ ስንገራ የታረሰ ማሳ ላይ ነበር የምንወጣው። አፈሩ እግሩን ይይዘዋል፣ መዝለሉ ይከብደዋል፤ አንተም ብትወድቅ አትጎዳም። አንገቱን ሊደፋ ሲል አንዱን ዛብ ወደ ጎን ሳብና አዙረው። አንገቱን ካልደፋ ደህና አድርጎ መዝለል አይችልም። ከጣለህ ወዲያው ተመልሰህ ውጣ። ጥሎህ ሲያርፍ ከለመደ ሥራ ያደርገዋል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
አባ ጉራቻ ስለ ዛቡ ያሉት ልክ ነው፤ ተመልሰህ ውጣ በሚለው ግን አልስማማም፣ ቢያንስ ለጊዜው። እኔን ያሳሰበኝ ያ «የሚያምር» ነጭ ነው። የት ላይ ነው? ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ጌጥ አይደለም። ገጣባ ሲድን ቆዳው ስለሚጎዳ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ስለዚህ በባዶ እጅህ ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ የጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኝ በጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ያመዋል ማለት ነው። ቀጥለህ ኮርቻውን ያለ ግላስ ባዶውን ጫንና ከኋላ ሆነህ እይ፤ በጀርባ አጥንቱና በእንጨቱ መካከል ብርሃን መታየት አለበት፣ ሁለት ጣትም ማለፍ አለበት።

ከንፈሩንም ግለጥና የፊት ጥርሱን እይ። የአምስት ዓመት ፈረስ ላይና ታች ስድስት ስድስቱን የፊት ጥርስ ቀይሯል። መካከለኞቹ ሁለቱ ብቻ ትልልቅ፣ ሌሎቹ ትንንሽና ነጫጭ ከሆኑ ግን ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ባለው ውስጥ ነው። አፉ ውስጥ ቁስል መኖሩንም እይ። የባህላችን ልጓም አገጩን ዙሪያውን የሚይዝ ብረት ስላለው በኃይል ሲሳብ ያቆስላል።

አንጓህን ደግሞ ራጅ ተነሳ፤ እሱ የእኔ ሙያ ባይሆንም።

የዳማው ባለቤት፦
ዶክተር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነጩ በትክክል የኮርቻው ሁለት እንጨቶች የሚያርፉበት ቦታ ነው፣ ግራና ቀኝ። ግራውን ስነካው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ኮርቻው በትከሻው በኩል አጥንቱ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ጣት እንኳ አያሳልፍም። ጥርሱ ደግሞ መካከለኞቹ ብቻ ናቸው የተቀየሩት። አምስት ዓመት ያለኝ ሰውዬ!

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
እንግዲያው ክፉ አይደለም፣ ያመዋል። ገና ልጅም ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ዕድገቱን የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የክብደቱን ነገር ልንገርህ፦ ፈረስ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይሸከም ይመከራል። ያንተው አድጎ 250 ኪሎ ቢሞላ እንኳ ልኩ 50 ኪሎ ነው፣ ከነኮርቻው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን ክሊኒክ የሚመጡትን ጀርባዎች አያለሁ። አሁን ጀርባው እስኪድን ምንም አይጫንበት፤ አቅራቢያህ ያለ ሐኪም ያሳየው።

ከዱባይ፦
እዚህ ጋጣ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪሙ ይችላል ካለህ በኋላ እንደ አዲስ ግራው፣ ያለ ኮርቻ። ሰባት ስምንት ሜትር ለኮ ይዘህ ዙሪያህን በእርምጃ አስኪደው፤ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። «ቁም» ስትለው መቆም ይልመድ። እሱን ሲለምድ ጀርባው ላይ አሮጌ ጋቢ ጣል አድርግ፣ አንሳ፣ መልሰህ ጣል፣ እስኪሰለቸው። ኮርቻው ሲመጣ ማሰሪያውን በአንዴ አታጥብቅ፤ ትንሽ አጥብቅና አስኪደው፣ እንደገና ትንሽ። ሰው የሚቀመጥበት ሲያድግ ነው። ያኔም አንድ ሰው ለኮውን ይዞ፣ ቀላል ሰው መጀመሪያ በሆዱ ብቻ ይደገፍበት። በዘለለ ቁጥር አትምታው፤ ኮርቻ ሲያይ ዱላ ትዝ እንዳይለው።

አባ ጉራቻ፦
እኔ ጤነኛ መስሎኝ ነው የታረሰ ማሳ ያልኩት። ገጣባ ላይ ኮርቻ መጫንማ ነውር ነው፣ አባቴም አይወድም ነበር። ግን ልጄ፣ የዳነ ቀን ሁሉም በጋቢ አይፈታም፤ ያኔ ማሳውን አትርሳ።

የዳማው ባለቤት፦
እሺ አባ፣ አልረሳም። ገብሱን አቁሜያለሁ፣ ከጎረቤት ባዝራ ጋር መስክ መዋል ጀምሯል። የዘንድሮው ጥር 23 ቀረ፤ በእግሬ ሄጄ አያለሁ። የአባቴን ኮርቻ ግን ማስጠገን እፈልጋለሁ፣ እንጨቱ ይስተካከል ይሆን?

ባላገሩ፦
ይስተካከላል፤ ካልሆነም አዲስ ይሠራልሃል። ብቻ አድጎ ጀርባው ሳይሞላ አታሠራ፣ ዛሬ የተለካው ከርሞ አይሆነውም። ያኔም ኮርቻውን ብቻ ተሸክመህ እንዳትሄድ፣ ፈረሱን ይዘህ ሂድ።